በውኃ ዳር የሚገኙ ጥቃቅን በራሪ ነፍሳትን ለይቶ ማወቅ፤ ከሩዋንዳ ሰፈር መታጠቢያ ቤት እስከ ቡልቡላ ሸለቆ

በቦሌ፣ በተለምዶ ሩዋንዳ እየተባለ በሚጠራው አካባቢና ከዚያ ዝቅ ብለው በሚገኙት የወንዝ ዳር መንደሮች የሚያገለግል የጤና ባለሙያ፣ በተለይም ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ በክብሪት ቀፎ ወይም በላስቲክ የተቋጠረ በራሪ ነፍሳት ይዞ የሚመጣ ታካሚ ሳያጋጥመው አይቀርም። ጥያቄውም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ይህ የወባ ትንኝ ነው ወይ?» የባለሙያው መልስ ደግሞ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ «አዲስ አበባ ወባ የለም፣ አይስጉ» ብሎ ያሰናብታል፤ ወይም ነፍሳቱን ሳያይ «ፍሊት ይንፉበት» ይላል። ሁለቱም መልሶች አልፎ አልፎ ትክክል ቢሆኑም፣ በማየት ላይ የተመሠረቱ ባለመሆናቸው አንድ ቀን ዋጋ ያስከፍላሉ።

ለችግሩ አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ነው። በአማርኛ «ትንኝ» የምንለው ቃል ደም የሚመጠውንም የማይመጠውንም፣ ከጠላ ጋን ላይ የሚያንዣብበውንም፣ በመብራት ዙሪያ እንደ ደመና የሚሰበሰበውንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። ወባ አስተላላፊውን ለመለየት «ቢንቢ» ወይም «የወባ ትንኝ» እንላለን እንጂ ለሌሎቹ የጠራ መጠሪያ በዕለት ተዕለት ንግግር አይሰማም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በፍሳሽ ማስወገጃ ውስጥ የሚራባውን ጠጉራም ዝንብ «ብል መሰል ዝንብ»፣ ቁንጭርንና ካላዛርን የሚያስተላልፈውን «የአሸዋ ዝንብ»፣ ቢንቢን መስሎ የማይናደፈውን ደግሞ በሳይንሳዊ ቤተሰብ ስሙ «ካይሮኖሚድ» እያልን እንጠራቸዋለን።

ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ እምብዛም አይደለም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር በቂ ነው፤ እርሱ ከሌለ ለአክታና ለወባ ምርመራ የምንገለገልበት ማይክሮስኮፕ በአነስተኛው ማጉያ ሥራውን ይሠራል። ከሁሉም በላይ ግን የሚረዳው ነፍሳቱ በሕይወት ሳለ ግድግዳ ላይ እንዴት አርፎ እንደነበር ታካሚውን መጠየቅ ነው። በጨርቅ ተጨፍልቆ የመጣ ነፍሳት ከሚናገረው ይልቅ ያየው ሰው የሚናገረው ይበልጣል።

በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ

ከሩዋንዳ አካባቢ አፓርታማዎችም ሆነ ከቆዩት የግቢ ቤቶች ከሚመጡት ነፍሳት ውስጥ፣ በዚህ ጸሐፊ ልምድ፣ አብዛኛው ብል መሰል ዝንብ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ መላ አካሉና ክንፉ በጥቁር ግራጫ ጠጉር የተሸፈነ ነው። ክንፎቹ ሰፋፊና ጫፋቸው ሾል ያለ፣ የቅጠል ቅርጽ ያላቸው ናቸው፤ ሲያርፍም እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ግራና ቀኝ ያዘነብላቸዋል ወይም ጠፍጥፎ ይዘረጋቸዋል። ከሩቅ ሲታይ ትንሽ የእሳት እራት ይመስላል። ክሎግሚያ አልቢፑንክታታ የተባለው፣ በሞቃታማው ዓለም በስፋት የሚገኘው ዝርያ፣ በክንፎቹ ጠርዝ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ስላሉት በባዶ ዓይን እንኳ ይለያል። አንቴናው ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ ነው። በረራው ደካማ በመሆኑ ሲነኩት ጥቂት ብድግ ብሎ እዚያው አጠገብ ያርፋል። በጣት ሲነካ እንደ አመድ ያለ ብናኝ ይተዋል። መርፌ መሰል አፍ ስለሌለው አይናደፍም፣ ደምም አይመጥም።

እጩ የሚያድገው በወለል ማፍሰሻ፣ በእጅ መታጠቢያ ቱቦና በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ በሚጋገረው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ነው። ምግቡም ይኸው ሽፋን ነው። ፍሊት መንፋት የበረሩትን ይገድላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሌሎቹ ከቱቦው ይወጣሉ፤ ትርፉ ሕፃናትን ለኬሚካል ማጋለጥ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ቱቦውን በብሩሽ ፈትጎ ዝልግልጉን ማስወገድና በፈላ ውኃ ማጠብ ነው። በረኪና ብቻውን ከሽፋኑ ላይ ተንሸራቶ ስለሚያልፍ የሚጠበቀውን ያህል አይሠራም። የትኛው ቱቦ እንደሚያፈልቅ ያልታወቀ እንደሆነ ማታ በማፍሰሻው አፍ ላይ ስኮች፣ የሚያጣብቀው ገጹ ወደ ታች ሆኖ፣ አየር እንዲያልፍ ክፍተት ትቶ መለጠፍና ጠዋት ማየት ይበቃል።

ስለዚህ ዝንብ ባለሙያው ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው፣ «በሽንቴ ውስጥ ትል ወጣ» ብሎ ጥቁር፣ ጠባብ፣ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በጀርባው ላይ ጠቆር ጠቆር ያሉ ጠፍጣፋ ነጠብጣቦች በተርታ የተደረደሩበት፣ በኋላው ጫፍ አጭር የመተንፈሻ ቱቦ ያለው እጭ ይዞ የሚመጣ ታካሚ ነው። በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የዚህ እጭ በሰው ሽንት ቧንቧና አንጀት መገኘት አልፎ አልፎ ተዘግቧል፤ ነገር ግን እጩ ቀድሞውኑ በመጸዳጃው ሳህን ወይም በናሙና መያዣው ውስጥ የነበረ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በመሆኑም የትል መድኃኒት ከማዘዝ በፊት ንጹሕ በሆነና በተከደነ ዕቃ አዲስ ናሙና እንዲሰጥ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛው የራሳችንን ቤት ይመለከታል። በጀርመን ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህ ዝንብ በሰውነቱ ላይ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ከፍሳሽ ወደ ክፍል ይዞ ሊዞር ይችላል። በቀዶ ሕክምና ክፍል እጅ መታጠቢያ ላይ ሲታይ የጽዳት ሠራተኛዋን መውቀስ ሳይሆን ቱቦውን መክፈት ነው የሚያዋጣው።

የሥጋ ዘመዱ

ብል መሰሉ ዝንብ ምንም ጉዳት የሌለው ከሆነ ስለ እርሱ ይህን ያህል መጻፍ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ የአሸዋ ዝንብ ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑ ነው። ሁለቱም ሳይኮዲዴ በተባለው ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ፤ ሁለቱም ጠጉራም ናቸው፤ ሁለቱም ብድግ ብድግ እያሉ ይበርራሉ። አንዱ ግን የቧንቧ ችግር ምልክት ሲሆን፣ ሌላው የሰውን ፊት የሚያበላሽ በሽታ ያስተላልፋል።

የአሸዋ ዝንብ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚደርስ፣ የገለባ ወይም የአሸዋ መልክ ያለው፣ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር እግሮቹ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ነፍሳት ነው። ዓይኖቹ ጥቋቁርና ጉልህ ናቸው። ክንፎቹ እንደ ጦር ጫፍ ጠበብ ብለው የሾሉ ሲሆኑ፣ ዋናው መለያው ሲያርፍ ሁለቱንም ከጀርባው በላይ ወደ ላይ ከፍቶ ማቆሙ ነው፤ ከፊት ለፊት ሲያዩት ሊበርር የተዘጋጀ እንጂ ያረፈ አይመስልም። ከሞተ በኋላ ይህ አቋም ሊጠፋ ስለሚችል አፉን ማየት ያስፈልጋል። የአሸዋ ዝንብ የመምጠጫ አፍ ከጭንቅላቱ ጋር የሚመጣጠን ርዝመት አለው፤ የብል መሰሉ ግን አጭርና ለስላሳ ነው። ሲበርር ድምፅ የለውም። የምትናደፈው ሴቷ ብቻ ስትሆን፣ ይህንንም የምታደርገው ከምሽት ጀምሮ በሌሊት ነው። ከሁሉም የሚያሳስተው ደግሞ እጩ በውኃ ውስጥ አለመኖሩ ነው፤ በዋሻ፣ በገደል ስንጥቅ፣ በድንጋይ ካብ ሥርና ብስባሽ ባለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ የአሸዋ ዝንብ በወንዝ ዳር ሲገኝ ወንዙ ስለሳበው ሳይሆን ወንዙ የቆፈረው ሸለቆ ዋሻና ገደል ስላለው ነው።

የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ፣ በሕዝቡ አጠራር ቁንጭር፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የቆየ በሽታ ነው። መንስኤው በአብዛኛው ሌይሽማኒያ ኤትዮፒካ ሲሆን፣ የሚኖረው በሽኮኮ አካል ውስጥ ነው። አስተላላፊዎቹ ፍሌቦቶመስ ሎንጊፐስና ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር ናቸው። በወሎ ኩታበር፣ በጋሞ ኦቾሎ፣ በስልጤ የታወቀ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ግን ለረጅም ጊዜ ከበሽታው ነፃ እንደሆነች ይታሰብ ነበር፤ ነፃ ስለነበረች ሳይሆን የፈለገ ስላልነበረ ነው።

ይህን አስተሳሰብ የለወጠው እ.ኤ.አ. ከጥር 2005 እስከ ግንቦት 2006 በደቡብ ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቡልቡላና በአቃቂ ወንዞች ሸለቆ ውስጥና አካባቢ የተደረገው ቅኝት ነው። ተመራማሪዎቹ በሳሪስ፣ በቃሊቲና በአቃቂ ሠፈሮች ቤት ለቤት ሄደው 35 ሰዎች አገኙ፤ ዘጠኙ ገና ያልዳነ ቁስል የነበራቸው ሲሆን፣ 26ቱ ጠባሳ ብቻ ቀርቶባቸው ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም 18ቱ፣ የሳሪስ ነዋሪዎች ነበሩ። በአካባቢው አሥር የሽኮኮ መንጋዎች ተለዩ፤ ከተያዙት 48 ሽኮኮዎች በሦስቱ ውስጥ ጥገኛ ተሕዋሱ ተገኘ፤ በሞለኪውል ምርመራም ሌይሽማኒያ ኤትዮፒካ መሆኑ ተረጋገጠ። በተሰበሰቡት የአሸዋ ዝንቦች ዓይነትና በማረፊያቸው ለመኖሪያ ቤቶች ቅርበት የተነሣ አስተላላፊው ፍሌቦቶመስ ሎንጊፐስ እንደሆነ ተገመተ። ጥናቱ የታተመው በ2009 ነው። የቡልቡላ ሸለቆ ከሩዋንዳና ከቦሌ ሚካኤል ምን ያህል እንደሚርቅ አካባቢውን ለሚያውቅ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ጥናት በወረቀት ላይ አንብቦት የነበረ ቢሆንም፣ ትርጉሙ የገባው አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ በመጣችበት ቀን ነበር። በክብሪት ቀፎ ውስጥ አራት ነፍሳት ነበሩ። «ዶክተር፣ ልጄን ፊቱን የበላው ይሄ ነው፤ ሻወር ቤታችንን ሞልቶታል» አለች። በመነጽር ሲታዩ አራቱም ነጭ ነጥብ ያላቸው ብል መሰል ዝንቦች ነበሩ። ይህን ነግሮ ማሰናበት ቀላል ነበር። ልጁ ግን ከአፍንጫው አጠገብ፣ በጉንጩ ላይ፣ ዳሩ ያበጠ፣ መሐሉ ቅርፊት የያዘ፣ የማያሳክክና የማያም እብጠት ነበረው። ሰባት ወር ሆኖታል። በሁለት የተለያዩ የሕክምና ቦታዎች የፈንገስ ቅባትና አንቲባዮቲክ ታዞለት አልተለወጠም።

«የምትኖሩት የት ነው፣ እኅቴ?»

«ሩዋንዳ። ትምህርት ሲዘጋ ግን አያቱ ዘንድ አቃቂ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው የሚከርመው።»

«ሽኮኮ አለ እዚያ?»

ከእናቱ ቀድሞ የመለሰው ልጁ ነበር፤ ከገደሉ ጫፍ ሆነው በድንጋይ እንደሚያባርሯቸው ነገረን። ከቁስሉ ዳር ተፍቆ በጊምሳ የተቀባው ናሙና በማክሮፋጅ ውስጥ አማስቲጎቶችን አሳየ። ያቺ እናት ስለ ነፍሳቱ ተሳስታለች፤ በነፍሳት የመጣ መሆኑን በመጠርጠሯ ግን ከሁላችንም በላይ ቅርብ ነበረች።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ ማሳሰብ የምፈልገው፣ በፊት፣ በተለይም በአፍንጫ፣ በከንፈርና በጉንጭ ላይ ከጥቂት ሳምንታት በላይ የቆየና ለተለመደው ሕክምና ያልመለሰ እብጠት ወይም ቁስል ያለበት ሰው ሲመጣ፣ የጉዞውን ታሪክ ስንጠይቅ «ከአዲስ አበባ ወጥተህ ታውቃለህ?» በሚለው ብቻ ማቆም እንደሌለብን ነው። በከተማይቱ ውስጥ የት የት ያድራል የሚለውም መጠየቅ አለበት። ቁስሉ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ስስ ሽፋን ሊዛመት ይችላል፤ በአንዳንድ ሰው ደግሞ በመላ ቆዳ ላይ ተሰራጭቶ የሥጋ ደዌን እስኪመስል ድረስ ያደናግራል። የናሙናው አወሳሰድ ለሥጋ ደዌ ከምናደርገው ብዙም የተለየ ስላልሆነ የላቦራቶሪ ባለሙያው አዲስ ሙያ አይጠየቅም። ሕክምናው እንደ ቁስሉ ዓይነት በማቀዝቀዝ ወይም በአንቲሞኒ መድኃኒት ስለሚሰጥ፣ አለርትን ወደ መሰለ የቆዳ ሕክምና ማዕከል መላክ ተገቢ ነው።

የአሸዋ ዝንብን አለማሰብ ያስከተለው ጉዳት በቆላውና በወይና ደጋው የባሰ ነው። በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሕሙማኑ መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደያዛቸው ተቆጥሮ ይታከሙ ነበር። ያኔም የተጠረጠረው ቢንቢ ነበር።

ቢንቢና ቢንቢ መሳይ

ወደ ወባው ጥያቄ እንመለስ። በምሽት በመብራት ዙሪያ፣ በወንዝና በኩሬ ላይ እንደ ጢስ ዓምድ የሚዋዥቁት አብዛኛውን ጊዜ ካይሮኖሚዶች ናቸው። ቁመናቸው ከቢንቢ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ረጃጅም እግር፣ ቀጭን ሆድ፣ ወንዱ ላይ ላባ የመሰለ አንቴና። ልዩነቱ ያለው አፍ ላይ ነው። ቢንቢ ከጭንቅላቷ ወደ ፊት የሚወጣ ረጅም መርፌ አላት፤ ካይሮኖሚድ የለውም። በቢንቢ ክንፍ ሥሮችና ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ቅርፊቶች ይታያሉ፤ የካይሮኖሚድ ክንፍ ግን ከቅርፊት የጸዳ ነው። ሲያርፉም ካይሮኖሚድ የፊት እግሮቹን ሲያነሣ፣ ቢንቢ የኋላዎቹን ታነሣለች። እጩ በኩሬና በቆሸሸ ወንዝ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ሲሆን፣ ብዙው ዓይነት ሄሞግሎቢን ስላለው ደም የመሰለ ቀይ ነው። ኦክሲጅን በጎደለው ውኃ ውስጥ የሚያኖረውም ይኸው ነው፤ ስለዚህ በከተማችን ወንዞች ውስጥ መብዛቱ ስለ ውኃው ብክለት የሚናገረው ነገር አለ።

ካይሮኖሚድ አይናደፍ እንጂ ፈጽሞ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ደርቆ ሲፈርስ የሚበንነው ሄሞግሎቢኑ አለርጂ ያስነሣል። የዓባይን ውኃ በምንጋራት በሱዳን «ኒሚቲ» የሚባለው ካይሮኖሚድ በሚፈላበት ወቅት አስም እንደሚያስነሣ በሚገባ የተጠና ጉዳይ ነው። በወንዝ ዳር የሚኖር፣ አስሙ በተወሰነ ወቅት ብቻ የሚነሣበት ታካሚ ቢያጋጥም ማታ በመስኮቱ አጠገብ ያለውን መብራት እንዲያጠፋ መምከር ወጪ የለውም።

ነፍሳቱ በእርግጥ ቢንቢ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ የየትኛው ወገን ነው የሚለው ይሆናል። ግድግዳ ላይ አካሏን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋ የምታርፈው ኩሌክስ ናት፤ በተበከለ ውኃና በፍሳሽ ጉድጓድ ትራባለች፤ በአዲስ አበባ ሌሊቱን ጆሮ ሥር እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሣን ብዙውን ጊዜ እርሷ ናት። ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ፣ ጅራቷን ወደ ላይ አንሥታ የምታርፈው አኖፌለስ ናት። በሴቷ አኖፌለስ ላይ ከመርፌው ግራና ቀኝ ያሉት ዳሳሾች የመርፌውን ያህል ይረዝማሉ፤ በኩሌክስ ግን አጫጭር ናቸው።

«አዲስ አበባ ወባ የለም» የሚለው አባባል ለአብዛኛው ከተማ የሚሠራ ቢሆንም እንደ ሕግ መያዝ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በአቃቂና አካባቢው፣ ማለትም በከተማይቱ ጠርዝ ላይ፣ ወባ እዚያው እንደሚተላለፍ አመልክቷል። በ1958 በደጋማ ቦታዎች የተነሣው ታላቁ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺሕ የሚገመት ሕዝብ መፍጀቱንም ማስታወስ ይገባል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባው እስያዊት ዝርያ ደግሞ በ2016 በቀብሪ ደሐር ተገኝታ፣ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ስለዚህ ከወንዝ ዳር ሠፈር ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው የደም ፍተሻ ይደረግለት፤ በክብሪት ቀፎው ውስጥ ያለው ነፍሳት ካይሮኖሚድ ሆነ ብሎ ፍተሻውን መተው፣ ቢንቢ ሆነች ብሎም ሳይፈትሹ መድኃኒት መስጠት ሁለቱም ስሕተት ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ላንሣ። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆነው፣ ክንፎቿ ጥላ ጥላ ያላቸውና አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ጀርባዋ ላይ የሚተኙት ኩሊኮይደስ ናት። በከብት እበትና በጭቃ ዳር ትራባለች፤ ሲመሽ ትናደፋለች፤ ከመጠኗ ጋር የማይመጣጠን ማሳከክ ትተዋለች። በአገራችን ይበልጥ የምትጎዳው ፈረሶችን ነው፤ የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ታስተላልፋለች። ጀርባው የጎበጠ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ አካል ያለውና በቀን የሚናደፈው ሲሙሊየም ደግሞ በፍጥነት የሚፈስ፣ አየር የጠገበ ውኃ ይፈልጋል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ኦንኮሰርካን የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። ብዙኃኑን በአይቨርመክቲን የማከሙ ሥራ በ2001 የተጀመረውም በዚያው በከፋና በሸካ አካባቢ ነበር። ቆዳው ሸካራ ሆኖ የሚያሳክከው ከጅማ ወይም ከከፋ የመጣ የቀን ሠራተኛ በቦሌ ክሊኒክ ቢገኝ ነፍሳቱን ሩዋንዳ ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም።

ናሙና ስለ መያዝና ስለ መላክ

ታካሚው ነፍሳቱን በጨርቅ እንዳይጨፈልቀው ይነገረው። ባረፈበት ላይ ብርጭቆ ደፍቶ፣ ከሥሩ ወረቀት አስገብቶ መያዝ ይችላል። ቢንቢና ብል መሰል ዝንብ በደረቅ ጥጥ ላይ በትንሽ ብልቃጥ ቢቀመጡ ይመረጣል፤ በአልኮል ውስጥ ጠጉራቸውና ቅርፊታቸው ስለሚራገፍ ዋናው መለያ ይጠፋል። የአሸዋ ዝንብ ነው ተብሎ የሚጠረጠር ግን በ70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጥ፤ የዝርያው መለያ በአብዛኛው በውስጥ አካሉ ላይ በመሆኑ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ሥር በሚሠራ ባለሙያ ነው። ለዚህም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በዘርፉ የቆየ ልምድ አለው።

ከብልቃጡ ጋር የሚሄደው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል። የተያዘበት ቀን፣ ሰዓቱ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ቦታው መኝታ ቤት ይሁን መታጠቢያ ቤት ወይስ የገደል ዋሻ፣ ከወንዙ በስንት እርምጃ ርቀት እንደሆነ፣ በአካባቢው ከብት ወይም ሽኮኮ መኖር አለመኖሩ ይጠቀስ። «ሩዋንዳ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ አፋፉ ላይ ያለው ቤትና ከዋናው መንገድ ዳር ያለው አፓርታማ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የሚያድሩባቸው ነፍሳት አንድ አይደሉም።